ጥርስ ያለው ብራናና የወንጌል ኅዳግ፦ የውል ሰነድን እንደ ሥነ ጽሑፍ ስለ ማንበብ

በሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ሰነድ የሚባለው ነገር ለታሪክና ለሕግ ሰዎች የተተወ ነው። ግጥሙን፣ ቅኔውን፣ ልብ ወለዱንና ተውኔቱን እኛ እንወስዳለን፤ የመሬት ስጦታውን፣ የሽያጩንና የኑዛዜውን ጽሑፍ ደግሞ የታሪክ ባለሙያው ይወስድና ከውስጡ ዓመተ ምሕረትና የሹም ስም ለቅሞ ቀሪውን እንደ ገለባ ይተወዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሥራ ክፍፍሉ ተገቢ ነው ብሎ አያምንም። ገለባ ተብሎ የቀረው ክፍል ሰነዱን ሰነድ ያደረገው ክፍል መሆኑን ለማሳየት ሁለት የሰነድ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ያነባል። አንደኛው በእንግሊዝ ሕግ «ኢንደንቸር» የሚባለው ነው። ሁለተኛው በአገራችን በወንጌልና በሌሎች የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የሰፈረው የመሬት ሰነድ ነው። አንዱ ከሌላው ተወርሷል አንልም፤ እንዲህ ያለ ዝምድና የላቸውም። የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ የተነገረ ቃል ነገ እንዳይካድ ዛሬ ምን ይደረግ?

ኢንደንቸር የሚለው ስም የመጣው «ጥርስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ሁለት ሰዎች ሲዋዋሉ ጸሐፊው አንዱን የውል ቃል በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ፣ ከላይና ከታች፣ ይጽፋል። በሁለቱ መካከል በተተወው ባዶ ስፍራ ላይ በትልልቅ ፊደል አንድ ቃል፣ ብዙውን ጊዜ «ኪሮግራፉም» የሚለውን፣ ያሰፍራል። ከዚያም ብራናው በዚሁ ቃል መካከል እንደ መጋዝ ጥርስ ወይም እንደ ማዕበል እየተጠማዘዘ ይቆረጣል። አንዱ ተዋዋይ የላዩን፣ ሌላው የታቹን ይዞ ይሄዳል። ክርክር ሲነሳ ሁለቱ ቁራጮች ይገጠማሉ፤ ጥርሱ ከጥርሱ፣ የፊደሉ ግማሽ ከግማሹ ከገጠመ ሰነዱ እውነተኛ ነው። ልማዱ በእንግሊዝ አገር ከ9ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይታያል። አንድ ወገን ብቻ ግዴታ የሚገባበት ሰነድ ግን የሚገጥመው ሌላ አካል ስለሌለው ጠርዙ ቀጥ ተደርጎ ይከረከማል። ይህንኛውን «ዲድ ፖል» ይሉታል፤ የተላጨ ሰነድ እንደ ማለት ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። አንባቢው አንዲት ቃል ሳያነብ፣ ጠርዙን ብቻ በጣቱ ዳስሶ፣ ሰነዱ የሁለት ሰዎች ነው ወይስ የአንድ ሰው የሚለውን ያውቃል። ስለ ቅርጽና ስለ ይዘት አንድነት ስናስተምር ከግጥም ውጭ ይህን ያህል ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የተቆረጠችው ቃል ነገርም ልብ ይሏል። በውሉ ውስጥ ምንም አታዝዝም፣ ምንም አትሰጥም። ተግባሯ መቆረጥ ብቻ ነው፤ ልትነበብ የምትችለውም ሁለቱ ባለጉዳዮች በአንድ ስፍራ ሲገናኙ ነው።

ከ1195 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የንጉሡ ፍርድ ቤት ሦስተኛ ክፍል ጨመረበት። መሬት ሊያስተላልፉ የተስማሙ ሰዎች የሐሰት ክስ ይመሠርታሉ፤ ገዢው ሻጩን «መሬቴን ያዘብኝ» ብሎ ይከሳል፣ ሻጩም ያምናል፣ ፍርድ ቤቱም ስምምነታቸውን ይጽፋል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይታለልበት ልብ ወለድ ነው። ጽሑፉ በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፤ ሁለቱ ክፍሎች ለተዋዋዮቹ ይሰጣሉ፣ ከግርጌ የተጻፈው ሦስተኛው ክፍል በፍርድ ቤቱ ግምጃ ቤት ይቀመጣል። ይህን የግርጌ ክፍል «እግር» ይሉታል። አሠራሩ በ1833 እ.ኤ.አ. እስኪሻር ድረስ የተከማቹት «እግሮች» ዛሬም በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ይህች እግር ወደ በኋላ ታስፈልገናለችና አንርሳት።

በእንግሊዝኛ ማኅተም ያለበትን የውል ሰነድ የሚጠሩበት ቃል ያው «ድርጊት» የሚለው ቃል ነው። አጋጣሚ አይደለም። በአሮጌው የእንግሊዝ ሕግ ሰነዱ ስለ ተደረገው ነገር የሚናገር ማስረጃ ብቻ አልነበረም፤ ሰነዱ ራሱ ድርጊቱ ነበር። ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በእጅ ሲሰጥ መብቱ ያን ጊዜ ይተላለፋል። ማኅተሙ ከተቀደደ ግዴታው አብሮ ይቀደድ ነበር። በ1614 እ.ኤ.አ. በተወሰነ አንድ የታወቀ ጉዳይም ሰነዱ ከተሰጠ በኋላ ባለመብቱ ቁም ነገሩን ከለወጠበት ሰነዱ ዋጋ እንደሚያጣ ተደንግጓል። ፈላስፋው አውስቲን በ1962 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ አንዳንድ ንግግር ነገርን የሚገልጽ ሳይሆን ነገርን የሚያደርግ ነው ሲል ካስተማረን በፊት የውል ጸሐፊዎች በዚህ እምነት ይሠሩ ነበር።

ከማኅተሙ በፊት ግን እርግማን ነበረ። ከኖርማኖች ወረራ በፊት የነበሩት የእንግሊዝ ነገሥታት የመሬት ስጦታዎች፣ ስጦታውን የሚያፈርስ ሰው ከይሁዳ፣ ወይም ምድር ከዋጠቻቸው ከዳታንና ከአቤሮን ጋር እንዲቆጠር ይረግማሉ። ከ11ኛው ምዕተ ዓመት በኋላ ማኅተም እየተስፋፋ ሲሄድ እርግማኑ እየሳሳ ይሄዳል። ሰም የእግዚአብሔርን ቁጣ ተካ ማለት ነው። የአገራችን አንባቢ በዚህ አይደነቅም፤ ግዝት ሰነድን እንዴት እንደሚጠብቅ ከቤቱ ያውቃልና።

ጥርሱም ቢሆን ዘላለማዊ አልነበረም። በ1845 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ ሰነዱ ራሱን ኢንደንቸር ብሎ ከጠራ ጠርዙ ባይቆረጥም እንደ ተቆረጠ ይቆጠራል አለ። በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣው የንብረት ሕግ ይህንኑ አጸና። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ደግሞ ግለሰብ በሰነዱ ላይ ማኅተም እንዲያደርግ የሚያስገድደው ደንብ ቀረ። ጥርሱ ከብራናው ወደ ቃሉ ገባ፤ ከዚያም ቃሉ ብቻ ቀረ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ይህን ሂደት ያውቀዋል፤ የሞተ ዘይቤ ይለዋል። በሼክስፒር ዘመን ዘይቤው ገና በሕይወት ነበረ። ሐምሌት በመቃብር ስፍራ የአንድ ጠበቃ ሊሆን የሚችል የራስ ቅል አንስቶ ሲሳለቅ ጥንድ ኢንደንቸሮችን ይጠቅሳል፤ ተመልካቹም ሁለት ገጣጣሚ ብራናዎችን በዓይነ ኅሊናው ያያል። ተውኔቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ውል» ቢል ትርጉሙ አይሳሳትም፣ ጥርሱ ግን ይረግፋል። በአንጻሩ የአማርኛው «ውል» የእንግሊዝኛው የሌለው ሥዕል አለው። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት እንላለን። ለእንግሊዙ ውል የሚገጥም ጠርዝ ነው፤ ለእኛ የሚያዝ የክር ጫፍ ነው።

ቃሉ ከብራና ወደ ሰው መሸጋገሩንም ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሻገረው ድሃ እንግሊዛዊ የመርከብ ዋጋውን በጥቂት ዓመታት አገልግሎት ለመክፈል የሚፈርመው ውል በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ከ1834 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልመላው እስከ ቆመበት እስከ 1917 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን በዚህ ዓይነት ውል ወደ ሞሪሺየስ፣ ወደ ካሪቢያን፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ፊጂ የሸንኮራ እርሻዎች ተወስደዋል። ብዙዎቹ የውሉን ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ሁለት እኩል ወገኖች እንዳይካካዱ የተፈለሰፈው ጥርስ አንዱን ወገን ነከሰ።

ወደ አገራችን ሰነድ እንመለስ። የጉልትና የሪም ጽሑፎች በአብዛኛው የሚገኙት በተለየ ወረቀት ላይ ሳይሆን በመጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ከሁሉም በላይ «ወንጌል ዘወርቅ» በሚባሉት የየደብሩ የከበሩ ወንጌሎች ውስጥ። በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ወንጌል የያዛቸው ሰነዶች እስከ 13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ እስከ ንጉሥ ላሊበላ ዘመን፣ ወደ ኋላ ይወስዱናል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 እ.ኤ.አ. እነዚህን፣ በ1909 እና በ1910 ደግሞ የአክሱምን መጽሐፍ አሳተመ። ሀንቲንግፎርድ የሰሜን ኢትዮጵያን የመሬት ሰነዶች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1965 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አወጣ። ዶናልድ ክራሚና ባልደረቦቹ በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን የኅዳግ ጽሑፎች በማይክሮፊልም አነሡ፤ የክራሚ ዋና ሥራም በ2000 እ.ኤ.አ. ታተመ። ለእነዚህ ሰዎች ያለብን ዕዳ ትልቅ ነው፤ ቀጥሎ የሚሰነዘረው ትችት ከዚህ አይቀንስም።

«መዝገብ» የሚለው ቃል በግዕዝ የሀብት ማከማቻን፣ ግምጃ ቤትን የሚያመለክት ነው፤ «ዘገበ» ማለት አከማቸ ማለት ነውና። ጽሑፍ የሰፈረበት ደብተር መዝገብ የተባለው በኋላ ነው። በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ተገናኝተዋል። ሰነዱ በዕቃ ቤት ከሚቀመጠው ሀብት መካከል ከከበረው ዕቃ ላይ ይጻፋል፤ ወንጌሉን የሚነካ እጅ የተፈቀደለት እጅ ነው። ተዋዋዮቹ ግን፣ እንደ እንግሊዞቹ፣ የየራሳቸውን ቁራጭ ይዘው ወደ ቤታቸው አይሄዱም። የሚቀረው ጽሑፍ አንድ ነው፣ እሱም በሦስተኛ ወገን እጅ ነው።

አሁን ያቺን «እግር» እናስታውስ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐሳብ ይህ ነው፤ የእኛ የኅዳግ ሰነድ እግሩ ብቻ በብራና ላይ የተጻፈ ባለ ሦስት ክፍል ውል ነው። የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች አልጠፉም፤ ከመጀመሪያውም የተጻፉት በሰው ላይ ነው። በሻጭና በገዢ አንደበት፣ በዋሱ ቃልና ቆመው በሰሙት እማኞች ትዝታ ውስጥ ነበሩ። እንግሊዙ ጥርሱን በብራናው ጠርዝ ላይ ሲቆርጥ እኛ በስም ዝርዝሩ ላይ ቆረጥነው። ክርክር በተነሳ ጊዜ የሚገጠመው ብራና ከብራና ሳይሆን የተጻፈ ስም ከሕያው ሰው ጋር ነው።

ይህን ከተቀበልን የእማኞች ዝርዝር የሰነዱ ጭራ መሆኑ ይቀራል፤ ዋናው አካል ይሆናል። አንባቢ ግን ይሰለቸዋል። እገሌ፣ እገሌ፣ እገሌ እያለ አንዳንዴ ከውሉ ቃል የሚረዝም የስም ሰልፍ ነው። ቢሆንም ሰልፉ ሥርዓት አለው። በግዕዝ ሰነዶች ውስጥ ያለችውን «እንዘ» የምትል ቃል እንውሰድ። እገሌ ንቡረ እድ ሳለ፣ እገሌ ባሕር ነጋሽ ሳለ፣ እገሌ ቄሰ ገበዝ ሳለ እያለች ትደረድራለች። ሰዋስዋዊ ሥራዋ ጊዜን ማመልከት ነው፤ የቀን መቁጠሪያ ሆና ታገለግላለች። በዚያው ቅጽበት ግን ሹማምንቱን በስፍራው ታቆማቸዋለች። ሰነዱ የሚለካው ዘመን ቁጥር አይደለም፣ የተሾሙ ሰዎች ስብስብ ነው። ተርጓሚው «በዚህ ዓመት» ብሎ ሲያሳጥራት ጊዜው ይተርፋል፣ ሰዎቹ ይበተናሉ።

በጎንደር ዘመን፣ በተለይ በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ የሪም መሬት ሽያጭ ሲበዛ የሰነዱ ቋንቋ አማርኛ እየሆነ ይሄዳል። ስጦታው በግዕዝ ግርማ ሲነገር ሽያጩ በገበያ አማርኛ ይነገራል። አጽሙን በራሳችን ቃል ብናስቀምጠው እንዲህ ያለ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ፣ እገሌ ነግሠው፣ እገሌ ራስ ሆነው፣ እገሌ አለቃ ሳሉ፣ እገሊት ያባቷን መሬት ለእገሌ በዚህን ያህል ወቄት ወርቅ ሸጠች፤ ዋሱ እገሌ፤ እማኞቹ እገሌና እገሌ። ቅጽል የለም፣ ማብራሪያ የለም። ለምን ሸጠች? አልተጻፈም። ችግር ይሁን፣ ዕዳ ይሁን፣ የልጅ ተዝካር ይሁን ጽሑፉ ዝም ይላል። ዝምታው ግን ሙሉ ነው፤ ያኔ በስፍራው የነበረ ሁሉ ምክንያቱን ያውቅ ነበርና።

የአማርኛን ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ስናስተምር ከነገሥታቱ መወድሶች ተነሥተን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የሃይማኖት ክርክር ጽሑፎች በኩል አድርገን፣ ደብተራ ዘነብ ወደ ጻፈው የዐፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕል እንዘልና በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ እንደርሳለን። በዚህ ዝላይ መካከል፣ ንጉሥም መናፍቅም የማያስጨንቀው፣ የዕለት ጉዳዩን በአጭር ዐረፍተ ነገር የሚጽፍ ጸሐፊ አለ። በሰነዶቹ ውስጥም ሻጭ፣ ገዢና ወራሽ ሆነው የሚቆሙ ሴቶች በብዛት አሉ። ክራሚ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጽፏል። ድርሰቶቻችን ለሴት ገጸ ባሕርያት ስም ከመስጠታቸው በፊት እነዚህ ኅዳጎች በስም፣ በአባት ስምና በንብረት ጠርተዋቸዋል።

ሆኖም ሰነድ ሁሉ እውነት ይናገራል ማለት አይደለም። በአክሱም መጽሐፍ ውስጥ አብርሃና አጽብሐ ሰጧቸው የተባሉ ስጦታዎች አሉ፤ በዚያ በጥንቱ ዘመን እንዳልተጻፉ አጥኚዎች ይስማማሉ። በእንግሊዝም መነኮሳት ለገዳማቸው ጥንታዊ የነገሥታት ስጦታ ፈጥረው ጽፈዋል። ሐሰተኛ ሰነድን በማጋለጥ ረገድ ትልቁን ምሳሌ የተወልን የሕግ ሰው ሳይሆን የቋንቋ ሰው ነው። ሎሬንዞ ቫላ በ1440 እ.ኤ.አ. ቆስጠንጢኖስ ለሮም ጳጳስ ሰጠ የተባለው የስጦታ ሰነድ ሐሰት መሆኑን ያረጋገጠው የላቲኑን ቃላት መርምሮ፣ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ሮማዊ አፍ የማይገቡ ቃላትን ነቅሶ በማውጣት ነበር። ያ ሥራ የሂስ ሥራ ነው። ለአክሱም ሰነዶችም ይህን ያህል የቋንቋ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል፤ ለማባረር ሳይሆን ለማንበብ። ሐሰተኛው ሰነድ ጸሐፊው እውነተኛ ሰነድ ምን መምሰል አለበት ብሎ ያስብ እንደ ነበር ያሳያል። በዚህ ረገድ ከእውነተኛው ይልቅ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይቀርባል።

የእማኞቹን ዝርዝር እንዲህ ካነገሥነው በኋላ የሌሉበትንም መጠየቅ ግድ ነው። ራሱ፣ አዛዡ፣ አለቃው፣ መሪጌታው በሰልፉ አሉ። በጉልት ስጦታ ውስጥ ያለው መሬት በማን ጉልበት እንደሚታረስ ግን የሰነዱ ድምፅ እምብዛም አይናገርም፤ ገበሬው ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚተላለፍ ያህል በአገሩ ስም ውስጥ ተጠቅሎ ያልፋል። ሕንዳዊው የሸንኮራ ሠራተኛ የማያነበው ውል ቢሆንም ስሙ በወረቀቱ ላይ ነበረ። በእኛ ሰነድ ገበሬው ጥርስ አልተቆረጠለትም፤ ክርክር ቢነሣ የሚገጥመው ነገር በእጁ የለም። የሰነዱ ውበት ይህን እንዲያስረሳን መፍቀድ የለብንም።

በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌላ ስፍራ አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ተዘረፉ፤ 350 ያህሉ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባወጣው ካታሎግ ውስጥ ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ መካከል በባዶ ገጾቻቸው ላይ የጎንደር ደብሮችን የመሬት ጉዳይ የያዙ አሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በ1872 እ.ኤ.አ. ሲጽፉ የሰጡት ምክንያት አስተማሪ ነው፤ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአገሮቹ ስም በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለና ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገለጹ። መጽሐፉም በዚያው ዓመት ተመለሰ። እኛ ክብረ ነገሥትን ስለ ንግሥተ ሳባ ትረካ እናነባለን፤ ንጉሡ የፈለጉት ስሞቹንም ነበር። ዛሬ በለንደን ከተማ የእንግሊዞቹ «እግሮች» በራሳቸው ግምጃ ቤት ተቀምጠዋል፤ የእኛዎቹ እግሮች ግን ከሚገጥማቸው ደብር፣ ከሚገጥማቸው መሬትና ከእማኞቻቸው የልጅ ልጆች ተለይተው በዚያው ከተማ ሌላ መደርደሪያ ላይ ናቸው።

የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ንብረት ከሆነ ወዲህ እነዚህ ጽሑፎች መሬት አያስገኙም። የእማኝ ነገር ግን በሌላ መልክ ቀጥሏል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግን ውል ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ይጠይቃል። ከስም ሰልፉ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል። ለኅዳጎቹ ግን ሕጋዊ ኃይላቸው ማለቁ ለእኛ ሥራ መጀመሪያ ነው፤ ከእንግዲህ የሚጠብቃቸው አንባቢ ብቻ ነውና።

በአማርኛ ክፍሎቻችን አንድ ቀን የእነዚህ ሰነዶች እትም ቢዘጋጅ ምን ይያዝ? የእማኞቹ ስም አንድም ሳይቀር ይያዝ። ሰነዱ በየትኛው ወንጌል፣ ከየትኛው ምዕራፍ አጠገብ፣ በስንት እጅ እንደ ተጻፈ ይያዝ። ከሁሉም በላይ የተፋቀው ይያዝ። በብዙ የብራና መጻሕፍታችን ላይ የሚገኘው ግዝት «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ» እያለ የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዛል፤ መሬቱን የነጠቀ ብቻ ሳይሆን ፊደሉን የፋቀ እጅም ይገዘታል። ቢሆንም በኅዳጎች ላይ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ስፍራ ያጋጥማል። ብራናው እዚያ ላይ ይሳሳል፣ ቀለሙ ይበተናል፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት የቀደመው ፊደል እግር አንዳንዴ ይታያል። በታተመው ገጽ ላይ ግን ያ ስፍራ እንደ ሌላው ሁሉ ጥቁርና ንጹሕ ነው፤ አንባቢው አንድ ስም ብቻ ያነባል።